የጤፍ ጭድ ግድግዳ በላፕቶፕ ላይ፦ ሴሉሎስንና ዛይላንን አቶም በአቶም መገንባት

ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ ስትወጡ፣ ወይም በሰበታና በሆለታ በኩል ስትሄዱ፣ ከውቂያ በኋላ የጤፍ ጭድ ክምር በየደጁ ታያላችሁ። ከፊሉ ለከብት ይቀመጣል። ከፊሉ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይለጠፍበታል። ጭዱ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፣ ጭቃው ደግሞ ጭዱን አጣብቆ ያቆመዋል። የጭዱ የራሱ የሕዋስ ግድግዳም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ክሩ ሴሉሎስ፣ ማለትም ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። በዙሪያው የሚሞላው ዛይላን፣ ማለትም ከዛይሎስ ስኳር የተሠራ ሰንሰለት፣ እና ግድግዳውን የሚያጠነክረው ሊግኒን ነው።

ይህ መመሪያ የዚያን ግድግዳ አንድ ትንሽ ቁራጭ በኮምፒውተር እንድትገነቡ ነው። አንድ የሴሉሎስ ጥቅል እንሠራለን፣ በላዩ ላይ አንድ የዛይላን ሰንሰለት እናስተኛለን፣ ውሃ ውስጥ እንከተዋለን፣ ከዚያ እንቅስቃሴውን እናያለን። የጻፍኩት ለኬሚስትሪ፣ ለባዮሎጂና ለባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎች ነው። ቂሊንጦ ካምፓስ ውስጥ ሆናችሁም ሆነ ቡራዩ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልበል። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ሲያስብ ቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ኮምፒውተር ጉልበት ነው። እኔ ግን ወሳኙ ሁለት ማዕዘን ነው እላለሁ። ሁለት ስኳሮች በተያያዙበት ቦታ ላይ ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች በደንብ የተረዳ ሰው ትልቁን ግድግዳ ይረዳዋል። እነሱን ዘልሎ የሄደ ሰው ግን የሚያምር ምስል ይዞ ይቀራል፣ ምስሉ ምን እንደሚል ግን አያውቅም። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ጥያቄውን መጀመሪያ ወረቀት ላይ

ፕሮግራም ከመክፈታችሁ በፊት ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የእኛ ጥያቄ ይህ ነው፦ በዛይላን ሰንሰለት ላይ ያሉት ቅርንጫፎች በየሁለት ስኳሩ ሲሆኑና በየሦስቱ ሲሆኑ፣ ሰንሰለቱ ሴሉሎስ ላይ የሚተኛበት መንገድ ይለያያል ወይ?

ይህ ከባዶ የመጣ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 አራቢዶፕሲስ በተባለችው የላቦራቶሪ ተክል ላይ የዛይላን ቅርንጫፎች በአብዛኛው ለሁለት በሚካፈል ቁጥር፣ በተለይ በየ8 ወይም በየ10 ስኳር ርቀት እንደሚቀመጡ ታይቷል። በ2016 ደግሞ በጠጣር ኤንኤምአር፣ ማለትም አቶሞችን በመግነጢስ በሚመረምር ዘዴ፣ ዛይላኑ ሴሉሎስ ላይ ሲተኛ ቅርጹን ቀይሮ ጠፍጣፋ እንደሚሆን ተረጋገጠ። ጤፍ ግን የሣር ወገን ነው። በሣሮች ዛይላን ላይ በብዛት ያለው ቅርንጫፍ አራቢኖስ ነው። በ2019 በበቆሎ ግንድ ላይ የተሠራ የኤንኤምአር ጥናት ሁለት ዓይነት ዛይላን አሳይቷል። ጠፍጣፋው ሴሉሎሱን ይሸፍናል። የተጠማዘዘው ደግሞ በአብዛኛው ከሊግኒን ጋር ይገናኛል። የእኛ ሞዴል ከእነዚህ ውጤቶች ጋር የሚነጻጸር ይሆናል። መነጻጸሪያ የሌለው ሞዴል አትጀምሩ።

ዕቃ ማሰናዳት

16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ለዚህ ይበቃል። በ8ም ይሠራል፣ ግን ሌላውን ሁሉ መዝጋት ይኖርባችኋል። ኡቡንቱ ቢሆን ይመረጣል። ዊንዶውስ ያላችሁ በውስጡ የሚጫነውን የሊኑክስ ንዑስ ሥርዓት ተጠቀሙ።

የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ለተማሪ ነጻ ናቸው። አምበርቱልስ ሞለኪውሉን ለመገንባት፣ ፓርምኤድ ፋይሉን ለመቀየር፣ ግሮማክስ ሲሙሌሽኑን ለማስኬድ፣ ቪኤምዲ ለማየት። ካምፓስ ውስጥ ዋይፋይ ሲገኝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውርዱና ፍላሽ ላይ ያዙ። በሞባይል ዳታ ይህን ማውረድ ኪስ ይጎዳል። ግላይካም-ዌብ እና ቻርም-ጂዩአይ የሚባሉት ድረ ገጾች ቅርንጫፍ ያላቸውን ስኳሮች ለመገንባት ይረዳሉ። እነሱ የግድ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ።

የኃይል መስኩን መምረጥ

የኃይል መስክ ማለት አቶሞቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ የሚነግር የቁጥርና የቀመር ስብስብ ነው። ለፕሮቲን የተሠራ መስክ ለስኳር አይሆንም። ስኳር በየአቅጣጫው ሃይድሮክሲል አለው፣ ቀለበቱም ቅርጽ ይቀይራል። ስለዚህ ለካርቦሃይድሬት ተብለው ከተሠሩት አንዱን ምረጡ፦ ግላይካም06 ወይም ቻርም36። እዚህ በግላይካም06 እንሠራለን፣ ምክንያቱም አምበርቱልስ ውስጥ ሰንሰለት መገንባት ቀላል ነው።

ሁለቱን መስኮች ግን በአንድ ሞዴል ውስጥ አትቀላቅሉ። አንድ ስውር ነገርም አለ። በሦስት ቦንድ በተለያዩ አቶሞች መካከል ያለውን ኃይል የአምበር የፕሮቲን መስክ በ1.2 እና በ2 ያካፍለዋል። ግላይካም06 ግን አያካፍልም፣ ቁጥሩ 1 ነው። ፋይሉን ወደ ግሮማክስ ስትቀይሩ ይህ ቁጥር በትክክል መተላለፉን ከፍታችሁ እዩ። ከተሳሳተ ሲሙሌሽኑ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ይሄዳል፣ ውጤቱ ግን ዋጋ የለውም።

ሁለቱ ማዕዘኖች

አሁን ወደ ልቡ ገባን። ከአንድ ጥንድ ጀምሩ። ሁለት ግሉኮሶች በቤታ 1፣4 ቦንድ (የአንዱ ሲ1 ከሌላው ሲ4 ጋር በኦክስጅን) ሲያያዙ ሴሎባዮስ ይባላሉ። ሁለት ዛይሎሶች በዚሁ ቦንድ ሲያያዙ ዛይሎባዮስ ይሆናሉ።

በግላይካም ውስጥ እያንዳንዱ ስኳር ሦስት ምልክት አለው። ፊተኛው ሌላ ስኳር የሚያያዝበትን ቦታ ይነግራል፣ ጫፍ ላይ ከሆነ ዜሮ ነው። መካከለኛው የስኳሩን ዓይነት፣ የመጨረሻው አልፋ ወይም ቤታ መሆኑንና የቀለበቱን ዓይነት ይነግራል። ስለዚህ በመካከል ያለ ግሉኮስ ‹4ጂቢ›፣ ጫፍ ላይ ያለው ‹0ጂቢ› ነው። ዛይሎስ ‹4ኤክስቢ› እና ‹0ኤክስቢ› ይሆናል። ፕሮግራሙ ውስጥ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። ቅደም ተከተሉ ከሪዱሲንግ ጫፍ፣ ማለትም ሲ1 ከሌላ ስኳር ጋር ካልተያያዘበት ጫፍ ይጀምራል፦ መጀመሪያ ጫፉን የሚዘጋው ሃይድሮክሲል ‹አርኦኤች›፣ ከዚያ መካከለኞቹ፣ በመጨረሻ የዜሮው።

ጥንዱን በቪኤምዲ ክፈቱትና ሁለቱን ማዕዘን ለኩ። ፋይ የሚባለው በአራቱ አቶሞች ኦ5፣ ሲ1፣ ኦ4፣ ሲ4 መካከል ያለው ጥምዝ ነው። ፕሳይ ደግሞ በሲ1፣ ኦ4፣ ሲ4፣ ሲ5 መካከል ያለው ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ጽሑፎች ፕሳይን በሲ5 ፋንታ በሲ3 ይለካሉ። ቁጥሩ በ120 ዲግሪ ገደማ ይለያል። የሌላ ሰው ሠንጠረዥ ጋር ስታነጻጽሩ የትኛውን እንደተጠቀመ መጀመሪያ እዩ።

አሁን ሁለቱን ደምሩ። ድምሩ 120 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ሰንሰለቱ በየሁለት ስኳሩ የሚደግም ጠፍጣፋ ሪባን ነው። 190 ገደማ ከሆነ በየሦስት ስኳሩ የሚደግም፣ ወደ ግራ የሚዞር ጠመዝማዛ ነው። ሴሉሎስ የፊተኛው ነው። ዛይላን ብቻውን ውሃ ውስጥ ሲሆን የኋለኛው ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ዛይሎስ ማለት ስድስተኛው ካርቦን የተነሳበት ግሉኮስ ነው ብላችሁ ማሰብ ትችላላችሁ። ያ ቡድን ሲጠፋ ሰንሰለቱን ጠፍጣፋ አድርጎ ከሚይዙት የሃይድሮጅን ቦንዶች አንዱ አብሮ ይጠፋል። ሰንሰለቱ ይላላል። ላላ ማለት ግን ደካማ ማለት አይደለም። በውሃ ውስጥ ተጠምዝዞ፣ በሴሉሎስ ላይ ተዘርግቶ መቀመጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የጭዱ ግድግዳ የሚያያዘው በዚህ መላላት ነው፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝም ይኸው ነው።

ወደሚቀጥለው ከማለፋችሁ በፊት ጥንዶቹን በውሃ ውስጥ ለ100 ናኖሰከንድ አስኪዱ። ትንሽ ስለሆኑ ላፕቶፑ በቀላሉ ይወጣዋል። ከዚያ ፋይን በአግድም፣ ፕሳይን በቁም አድርጋችሁ ነጥቦቹን በግራፍ አስቀምጡ። ዛይሎባዮስ ከሴሎባዮስ ሰፋ ያለ ቦታ መሸፈን አለበት። ካልሸፈነ የኃይል መስኩ በትክክል አልገባም ማለት ነው። እዚሁ አቁሙና አስተካክሉ።

የሴሉሎሱን ጥቅል መገንባት

ይህን ከአእምሯችሁ አትፍጠሩት። የክሪስታሉ መለኪያ አለ። በከፍተኛ ተክሎች ውስጥ የሚበዛው ሴሉሎስ አንድ-ቤታ የሚባለው ነው። ኒሺያማ፣ ላንጋንና ሻንዚ በ2002 በኤክስሬይና በኒውትሮን ዲፍራክሽን ያገኙት መዋቅር መነሻ ነው። ናሙናው የተወሰደው ከተክል አልነበረም፣ ቱኒኬት ከተባለ የባሕር እንስሳ ነው። ክሪስታሉ በጣም ንጹሕ ስለሆነ ነው የተመረጠው።

የአሃድ ሴሉ መለኪያ ኤ 7.784፣ ቢ 8.201፣ ሲ 10.380 አንግስትሮም ነው። ጋማ 96.5 ዲግሪ ነው። በውስጡ ሁለት ሰንሰለቶች አሉ፣ አንዱ በማዕዘኑ፣ አንዱ በመሃሉ። የመሃሉ በርዝመቱ አቅጣጫ በሩብ ተንሸራትቶ ተቀምጧል። ሴሉሎስ-ቢልደር የሚባል ነጻ ፕሮግራም ከእነዚህ ቁጥሮች ተነስቶ የፈለጋችሁትን መጠን ይገነባል።

ስንት ሰንሰለት? በድሮ ሥዕሎች 36 ታያላችሁ። ዛሬ ለተክል ብዙ ተመራማሪ የሚቀበለው 18 ነው። ሰንሰለቶቹን በ2፣ 3፣ 4፣ 4፣ 3፣ 2 ረድፍ ደርድሯቸው። እያንዳንዱን 20 ግሉኮስ ርዝመት አድርጉት። አንድ የተያያዘ ግሉኮስ 21 አቶም አለው። 18 በ20 በ21 ስታባዙ 7560 ይመጣል። በየሰንሰለቱ ጫፍ የሚጨመሩት ሦስት ሦስት አቶሞች 54 ናቸው። ጠቅላላ 7614። ፋይላችሁ ሌላ ቁጥር ካሳየ አንድ ቦታ አቶም ጎድሏል ወይም ተርፏል። ይህን ቁጥር መቁጠር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ፋይሉን ወደ አምበርቱልስ ከማስገባታችሁ በፊት የስኳሮቹን ስም ወደ ግላይካም ስም ቀይሩ። የአቶሞቹ ስምም መመሳሰል አለበት። በየሰንሰለቱ መጨረሻ ‹ቲኢአር› የሚል መስመር አድርጉ። ያ መስመር ከሌለ ፕሮግራሙ የአንዱን ጭራ ከሌላው ራስ ጋር ያያይዘዋል።

ሁለት ነገር በዓይን አረጋግጡ። አንደኛ፣ ሪዱሲንግ ጫፎቹ በሙሉ በአንድ በኩል ይሁኑ። የተፈጥሮ ሴሉሎስ ሰንሰለቶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያዩት። ሁለተኛ፣ ስድስተኛው ካርቦን ላይ ያለው ኦክስጅን። በኦ5፣ ሲ5፣ ሲ6፣ ኦ6 መካከል ያለው ጥምዝ በክሪስታሉ ውስጥ 180 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቲጂ ይባላል። 60 ከሆነ ጂቲ፣ ከዜሮ በታች 60 ከሆነ ጂጂ ነው። መነሻው ላይ ሁሉም ቲጂ መሆን አለባቸው።

ዛይላኑን ማስተኛት

ዛይላኑን ለብቻው ገንብቶ በእጅ እየጎተቱ ማስቀመጥ አድካሚ ነው። አቀማመጡም ይጣመማል። የተሻለው መንገድ ይህ ነው። ከጥቅሉ ውሃ ወዳድ ጎን ላይ ካሉት ሰንሰለቶች አንዱን ቅዱ። በዚያው ጎን አንድ የሰንሰለት እርቀት ያህል ወደ ውጭ አውጡት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ግሉኮስ ላይ ስድስተኛውን ካርቦንና በላዩ ያለውን ሁሉ አንሱና በቦታው አንድ ሃይድሮጅን ተኩ። ያገኛችሁት ጠፍጣፋ የዛይላን ሰንሰለት ነው፣ ልክ በቦታው የተቀመጠ። ርዝመቱን ወደ 12 ዛይሎስ ቀንሱት፣ ጫፎቹ ከጥቅሉ ጫፍ እንዲርቁ።

ይህ የሚቻለው መጠናቸው ስለሚገጥም ነው። ጠፍጣፋ ዛይላን በየሁለት ስኳሩ 1.04 ናኖሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ልክ እንደ ሴሉሎስ። ጠመዝማዛው ግን ራሱን የሚደግመው በየሦስት ስኳሩ፣ በ1.5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከሴሉሎሱ እርምጃ ጋር አይገጥምም።

አሁን ቅርንጫፎቹን። አራቢኖሱ የሚያያዘው በዛይሎሱ ኦ3 ላይ ነው። ኤል-አራቢኖስ፣ አልፋ፣ አምስት ጎን ባለው የፉራኖስ ቀለበት መሆኑን አረጋግጡ። ድረ ገጾቹ ላይ በቀላሉ ዲ ወይም ፒራኖስ (ስድስት ጎን ያለው ቀለበት) ተመርጦ ሊያልፍ ይችላል። ሌላውን የዛይላን ቅርንጫፍ ግሉኩሮኒክ አሲድን ከጨመራችሁ ቦታው ኦ2 ነው።

ሁለት ሞዴል ሥሩ። በመጀመሪያው አራቢኖሶቹ በ3ኛው፣ በ5ኛው፣ በ7ኛውና በ9ኛው ዛይሎስ ላይ ይሁኑ። በሁለተኛው በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ9ኛው። በጠፍጣፋ ሰንሰለት ላይ ተከታታይ ስኳሮች ፊታቸውን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያዞራሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሞዴል ቅርንጫፎቹ በሙሉ በአንድ በኩል ናቸው። ያ በኩል ወደ ውሃው እንዲሆን አድርጋችሁ አስቀምጡት። በሁለተኛው የ6ኛው ቅርንጫፍ ወደ ሴሉሎሱ ይገባል። እዚያ ቦታ የለም። ሰንሰለቱ ወይ ይጠማዘዛል ወይ ይነሳል። ጥያቄያችን የሚፈተነው እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ንጽጽሩ ሚዛናዊ እንዲሆን ቅርንጫፍ የሌለው ሦስተኛ ሞዴልም ጨምሩ።

ውሃ፣ ማረጋጋትና ማስኬድ

ሳጥኑን ከጥቅሉ በየአቅጣጫው ቢያንስ 1.2 ናኖሜትር እንዲሰፋ አድርጉና ቲፕ3ፒ በሚባለው የውሃ ሞዴል ሙሉት። በአጠቃላይ 50 ሺህ ገደማ አቶም ይሆናል። ግሉኩሮኒክ አሲድ ካለ እያንዳንዱ አንድ አሉታዊ ቻርጅ ስለሚይዝ በቁጥሩ ልክ ሶዲየም ጨምሩ።

ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ኃይል መቀነስ። ከዚያ ስኳሮቹን አስራችሁ በ300 ኬልቪን ሙቀቱን ማረጋጋት። ከዚያ በ1 ባር ግፊቱን። ከዚያ ማሰሪያውን ቀስ በቀስ ማላላት፣ ዛይላኑን መጨረሻ ላይ። በአንድ ጊዜ ከለቀቃችሁት ውሃው ገና ቦታውን ሳይዝ ሰንሰለቱን ሊያነሳው ይችላል፣ ያኔ የምታዩት የአጀማመሩን ውጤት እንጂ የቅርንጫፉን አይደለም። የሙቀት መቆጣጠሪያው ቪ-ሪስኬል፣ የግፊቱ ሲ-ሪስኬል ይሁን። እርምጃው 2 ፌምቶሰከንድ ነው። 100 ናኖሰከንድ ማለት እንግዲህ 50 ሚሊዮን እርምጃ ነው።

ይህን ያህል ሥራ ጂፒዩ በሌለው ላፕቶፕ ብዙ ቀናት ይወስዳል። ከተማ ዳር ለምንኖር ደግሞ መብራት መሄዱ አይቀርም። ግሮማክስ ለዚህ መፍትሔ አለው። በየ15 ደቂቃው ቼክፖይንት ፋይል ያስቀምጣል። ጊዜውን ወደ 5 ደቂቃ አውርዱት። መብራት ሲመጣ ከዚያ ፋይል ቀጥል ብላችሁ ታዙታላችሁ፣ የጠፋው ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ይህን ሳያደርጉ ረጅም ሥራ መጀመር አይገባም። የካምፓሱን ሰርቨር የምታገኙ ከሆነ የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ እዚያ ላኩት፣ ዝግጅቱ በሙሉ ላፕቶፕ ላይ ያልቃል።

እያንዳንዱን ሞዴል ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ የመነሻ ፍጥነት አስኪዱ። አንድ ሩጫ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ምን እንለካ?

መጀመሪያ ሴሉሎሱ ጤነኛ መሆኑን እዩ። ቀለበቶቹ ወንበር በሚመስለው አራት-ሲ-አንድ ቅርጽ መቆየት አለባቸው። የቀለበት ቅርጽን በሚለካው የክሬመርና ፖፕል ስሌት ቴታ የሚባለው ማዕዘን ወደ ዜሮ ይጠጋል። በጥቅሉ መሃል ያሉት ኦ6ዎች ቲጂ ሆነው መቆየት አለባቸው። ገጽ ላይ ያሉት ወደ ጂቲና ጂጂ ቢዞሩ ችግር የለውም፣ በኤንኤምአርም የገጹ ሲ6 62 ፒፒኤም (የኤንኤምአር ምልክት የሚታይበት ቦታ መለኪያ) አካባቢ፣ የመሃሉ 65 አካባቢ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቅሉ ሲሮጥ በትንሹ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። አትደንግጡ፣ ጫፉ የተቆረጠ ጥቅል በሲሙሌሽን ውስጥ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ከዚያ ወደ ዛይላኑ። በየቦንዱ የፋይና የፕሳይን ድምር በየጊዜው ጻፉ። መካከለኛውን ቁጥር ብቻ አትውሰዱ፣ የእያንዳንዱን ቦንድ ለየብቻ እዩ። ግማሾቹ 120 ላይ፣ ግማሾቹ 190 ላይ ከሆኑ አማካዩ 155 ይሆናል፣ በዚያ ቦታ ግን አንድም ቦንድ የለም። ከ6ኛው ቅርንጫፍ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቦንዶች ላይ በተለይ ዓይናችሁን አሳርፉ። ለውጥ ካለ መጀመሪያ የሚታየው እነሱ ላይ ነው።

ከኤንኤምአር ጋር ስታገናኙት ደግሞ የዛይላን ሲ4 ጥሩ ምልክት ነው። ጠፍጣፋው 82 ፒፒኤም አካባቢ፣ ጠመዝማዛው 77 አካባቢ ይታያል። ሲሙሌሽናችሁ ስንት ከመቶው ቦንድ በየትኛው ቅርጽ እንደሆነ ይነግራችኋል። በዛይላኑና በሴሉሎሱ መካከል ያሉትን የሃይድሮጅን ቦንዶች ቁጠሩ፣ ግን በእነሱ ብቻ አትፍረዱ። ውሃም ከሁለቱም ጋር ይያያዛል፣ ሰንሰለቱ ቢነሳ የጠፋውን ቦንድ ውሃው ሊተካው ይችላል።

ውጤቱን ስትጽፉ ሞዴሉ የሌለውን ነገርም ግልጽ አድርጉ። ሊግኒን የለም። በሣር ዛይላን ላይ አራቢኖስን ከሊግኒን ጋር የሚያያይዘው ፌሩሊክ አሲድ የለም። ስለዚህ ከዚህ ተነስታችሁ ጭዱ ለከብት በቀላሉ ይፈጫል ወይም አይፈጭም ማለት አትችሉም። ማለት የምትችሉት የቅርንጫፍ አቀማመጥ በአንድ ገጽ ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው። ይኸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጊዜ ካላችሁ ሦስቱንም ሞዴሎች በቻርም36 ድገሙ። ሁለቱ መስኮች ከተስማሙ በድፍረት ጻፉት። ካልተስማሙ የሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡና የትኛው ለኤንኤምአሩ እንደሚቀርብ አሳዩ። የመነሻ ፋይሎቹንና የግሮማክስ ቅንብሮቹን ከጽሑፉ ጋር አያይዙ፣ ሆለታ ያለ ሌላ ተማሪ ያንኑ ሥራ ከመጀመሪያው ተነስቶ መድገም እንዲችል።